በሠልስቱ የነዳ ሰው

ዶሃ ስገባ ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለኝ እሱ ነው። ያስመጣኝ የቤቱ ጌታ ሹፌሩን ልኮ ነበር፤ ሹፌሩ ደግሞ አበሻ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ በእኛ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. ነው። ሻንጣዬን ከእጄ ተቀበለና፣

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ እህት ዓለም» አለኝ። «አታልቅሺ። ክፉ ቤት አይደለም። ሥራው ይበዛል እንጂ እጅ አያነሡም።»

እንዳለውም ሆነ። መዲናት ኸሊፋ ውስጥ ያለ ትልቅ ቪላ ነበር፤ የእኔ ክፍል ከኩሽናው ጀርባ፣ የእሱ ደግሞ ከግቢው በር አጠገብ። ዕድሜው ወደ አርባ ይጠጋል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነበር። አገሩ ከደሴ ወጣ ብላ ያለች ከተማ ናት፤ እዚያ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። እኔ «ጋሼ» እለዋለሁ። የቤቱ ልጅ ደግሞ «ዓሚ»፣ አጎቴ ማለቷ ነው። ገና ትምህርት ቤት የጀመረች፣ ፀጉሯ ለማበጠሪያ የሚያስቸግር፣ አንድ ነገር ከጠየቀች መልስ ሳታገኝ የማትተው ልጅ ነበረች።

በየጠዋቱ ሦስታችን አብረን እንሄዳለን። እሱ ይነዳል፤ እኔ ከኋላ ከልጅቷ ጋር እቀመጥና ቁርሷን ልጨርስላት እታገላለሁ። መንገድ ላይ በአማርኛ መቁጠር አስተምሯት ነበር። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለች መኪናዎቹን ትቆጥራለች። ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ምላሷ ይተሳሰራል፤ ያኔ እሱ አፉን በእጁ ይሸፍናል። አንድ ቀን ማዳም ሰምታ፣ «ልጄን አበሻ አደረጋችኋት!» ብላ ስቃለች። ማዳም ስትስቅ ያየሁበት ጊዜ ብዙ አይደለም።

መጠጥን በተመለከተ፣ ከእሱ የበለጠ ሰው የሚያስጠነቅቅ አላውቅም። አርብ የዕረፍት ቀናችን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ስንመለስ አል ሙንተዛህ ወዳለው የጓደኞቹ ክፍል ጎራ እንላለን። ክፍሉን የሚጋሩት ሹፌሮችና የጥበቃ ሠራተኞች ናቸው። አንዳንዱ ሰናይያ፣ ፋብሪካዎቹ ባሉበት ሰፈር፣ ተደብቆ የሚወጣ አረቄ በውሃ ጠርሙስ ገዝቶ ይመጣል። ለእኛ ዓይነቱ ሰው በፈቃድ የሚጠጣበት መንገድ የለም፤ ከተያዝክ ተያዝክ ነው። እሱ ጠርሙሱን ባየ ቁጥር በተለይ መሪ የሚይዙትን ይገሥጻል።

«ስማ» ይላቸዋል። «እዚህ አገር ጠጥቶ መንዳት እስር አለው። እስሩን ስትጨርስ ቅጣት አለው። ቅጣቱን ስትጨርስ አሻራህን ሰጥተህ ወደ አገርህ፤ ኸላስ፣ ሁለተኛ አትመለስም። ወንድሜ፣ ኢቃማህን አትጠጣው!»

ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃዳችን ነው፤ ይሄን አባባሉን ሁሉም ይወዱት ነበር። ቢራ አማረኝ የሚል ሰው ሲገኝ፣ «ኢቃማህን ልትጠጣ ነው?» እየተባባሉ ይሳሳቃሉ።

በሁለተኛው ዓመት እናቱ ታመመች። ስኳር ነበረባት፤ እግሯ ቆስሎ አልድን አለ። ስልክ በደወለ ቁጥር «ደህና ነኝ፣ አንተ ብቻ ደህና ሁን» ትለዋለች፤ እህቱ ግን ከጀርባ እውነቱን ትነግረው ነበር። እናቱ ያሳደገችው ብቻዋን ነው። ለእግሯ የሚመች ለስላሳ ጫማ ፈልጎ ከገበያ ገበያ ሲዞር ሰንብቶ በመጨረሻ አንድ አገኘ። አምጥቶ አሳየኝ፤ ሶሉን በአውራ ጣቱ እየተጫነ «ይሄ አይቆረቁራትም፣ አይደል?» አለኝ። እንደማይቆረቁራት ነገርኩት።

ፈቃድ ጠየቀ። በዚያን ጊዜ አሠሪው ካልፈረመ ከአገር መውጣት አይቻልም ነበር። ባባ፣ የቤቱ ጌታ፣ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ልጅቷን የሚያመላልስ ሌላ ሰው አልነበረውም።

«ኢንሻአላህ፣ ትምህርት ሲዘጋ» አለው።

«ባባ፣ እናቴ በጣም ታማለች።»

«አላህ ይማራት። ትምህርት ሲዘጋ ትሄዳለህ፤ ትኬቱን እኔ እቆርጥልሃለሁ።»

ትምህርት ሊዘጋ ብዙ ወራት ይቀሩት ነበር።

አንድ አርብ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ጓደኛው የሆነው የጥበቃ ሠራተኛ በዓይኑ ጠቀሰኝና ከሰው ለይቶ አቆመኝ። እሱና የእኔው ጋሼ የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው።

«እናቱ አርፋለች» አለኝ። «ካረፈች ሰንብታለች። እህቱ ለእኔ ነው የደወለችው። ዛሬ ልንነግረው ነው፤ እናንተ ሴቶቹም ብትኖሩ መልካም ነው።»

አገር ቤት መርዶ የሚነገረው ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ነው። እዚያ ግን ጎሁም የእኛ አልነበረም። ሁላችንም የምንገናኘው አርብ ከቀትር በኋላ ስለሆነ የእሱም መርዶ የሆነው አርብ ከቀትር በኋላ ነው። ክፍሉ ውስጥ ፍራሾቹን ወደ ግድግዳ ጠጋ ጠጋ አድርገን ተቀመጥን። ከታች ካለው ምግብ ቤት የሽንኩርት ጥብስ ሽታ በመስኮት ይገባል። እሱ አንድ ጉዳይ አድርሶ ነበር የመጣው፤ ሙዝ በፌስታል አንጠልጥሎ ገባ።

«ምነው ሰው በዛሳ! ድግስ አለ እንዴ?» አለ እየሳቀ።

መጀመሪያ ወንዶቹን አየ፤ ከዚያ እኛን ሴቶቹን። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ነበር። ፌስታሉን መሬት ላይ፣ ዕቃ እንዳይሰበር የሚያስቀምጥ ሰው እንደሚያደርገው ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

«እናቴ ናት?» አለ።

ጓደኛው ተነሥቶ ሊይዘው ሲል እሱ ቀድሞ ወለሉ ላይ ወደቀ። ጮኸ። ያን ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። እኛም አብረን ለቀቅነው። ወዲያው ግን ከመካከላችን አንዱ በሩን ዘግቶ፣ «ቀስ በሉ፣ በእግዚአብሔር፣ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል፣ የሕንፃው ጠባቂ ይመጣል» እያለ ይማጸን ጀመር። ወንዶቹ ትራስ አቀበሉት። ያ ትልቅ ሰው አፉን ትራስ ውስጥ ቀብሮ እናቱን አለቀሰ። ጀርባው ሲናጥ እናያለን፤ ድምፁ ግን አይወጣም። እኔ አገሬ ብዙ ለቅሶ ደርሻለሁ፤ ያለ ድምፅ የተለቀሰ ለቅሶ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

እኛ ሴቶቹ ከመግሪብ፣ ከምሽቱ አዛን፣ በፊት ወደየማዳሞቻችን መመለስ ነበረብን። ጓደኛው ለባባ ደውሎ ነገረለት። ባባ አዘነ፤ «ነገም ይረፍ፤ እሑድ ግን ትምህርት አለ» አለ። በዚያ አገር እሑድ የሥራ መጀመሪያ ነው። ለእሱ ደግሞ መርዶውን ከሰማ ሦስተኛ ቀኑ፣ ሠልስቱ ነበር።

ቅዳሜ የሆነውን ያየሁት አይደለም፤ ጓደኛው በኋላ የነገረኝ ነው። ከመርዶው ወዲህ እህል አልቀመሰም፤ ዓይኑንም አልከደነም። ሲመሽ አንዱ ያንን የውሃ ጠርሙስ ይዞ መጣ። «ሐዘንተኛ ነው፣ እንቅልፍ ይውሰደው ብለን ነው» አለኝ ጓደኛው፤ ሲነግረኝ ዓይን ዓይኔን ማየት አልቻለም። መጀመሪያ እንቢ ብሏል። ኋላ ተቀበላቸው። ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻለም። ሊነጋጋ ሲል ትንሽ አሸለበው፤ ነቅቶ ፊቱን ታጠበና በታክሲ ወደ ቤት መጣ።

ጠዋት ልጅቷን ይዤ ስወጣ መኪናውን አስነሥቶ ጠበቀን። ጢሙን አልተላጨም፤ ዓይኑ አብጧል። አፉ ውስጥ የሚያኝከው ከረሜላ ነበር፤ የናና ሽታው ከዑድ ሽቶ ጋር ተደባልቆ መኪናውን ሞልቶታል።

«ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። ተኝተሃል?»

«ተኝቻለሁ። ራሴን ነው እንጂ ያመመኝ።»

«ለማዳም ልንገርልህና ዛሬ ቅር።»

«አንድ ቀን ፈቀዱልኝ። ሌላ ምን ብዬ ልጠይቅ?» አለና መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። «ዛሬ እኮ ሠልስቷ ነው፣ እህት ዓለም» አለኝ።

ልጅቷ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ፣ «ዓሚ፣ ዓይንህ ለምን ቀላ?» አለችው።

«አቧራ ገብቶበት ነው፣ ሐቢብቲ» አላት።

ያን ቀን መኪና አልተቆጠረም። ከሰፈራችን ወጥተን ወደ አደባባዩ ስንቀርብ መኪናው ፍጥነቱን እንዳልቀነሰ ተሰማኝ። «ጋሼ!» አልኩ። ፍሬኑን የረገጠው ያኔ ነው። መኪናው ተንሸራቶ የመንገዱን ጠርዝ ወጣ፤ ከሣሩ ላይ አልፎ ከተምር ዛፍ ጋር ተጋጨ። ግንባሬ ከፊቴ ካለው ወንበር ጋር ተላተመ። ወዲያው የልጅቷን ጩኸት ሰማሁ፤ ክንዷ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፎ ነበር።

እሱ ወርዶ የኋላውን በር ከፍቶ ሣሩ ላይ ተንበረከከ። የእሱም አፍንጫ ይደማ ነበር። «ሐቢብቲ፣ ሐቢብቲ፣ ዓሚ እዚህ ነው» ይላታል፤ እጁን ዘርግቶ ሊነካት ይፈራል። ሰው ተሰበሰበ። አምቡላንስ መጣ፤ ፖሊስም ተከትሎ ደረሰ።

ፖሊሱ ወጣት ነበር። መጀመሪያ በደግነት ነው ያነጋገረው። ቀረብ ብሎ ፊቱን ሲያይ ግን ቆም አለ፤ ሽታውን አገኘው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ በዓረብኛ «ጠጥተሃል?» አለው።

ሊክድ ይችል ነበር ብዬ አላስብም፤ ግን ለመካድ እንኳን አልሞከረም።

«ትናንት» አለ። «እናቴ ሞታብኝ።»

«አላህ ይርሐማት» አለ ፖሊሱ፤ ነፍሷን ይማር ማለቱ ነው። ከልቡ ነበር ያለው፣ ፊቱ ላይ አይቻለሁ። ከዚያ ካቴናውን አውጥቶ እጁ ላይ አደረገለት። ወደ መኪናው ሲያስገባው እሱ ዞሮ የሚያየው እኛን፣ አልጋ ላይ ተኝታ ወደ አምቡላንስ የምትገባዋን ልጅ ነበር። እኔ ከእሷ ጋር ገባሁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አላየሁትም።

ማዳም ሆስፒታል ስትደርስ አባያዋ አንድ ጎኑ መሬት ይጠርግ ነበር። ልጇን አቅፋ ብዙ አለቀሰች። የደም ምርመራው ውጤት ለባባ ሲነገረው ሰማችና፣

«ሰክሮ? ልጄን ይዞ ሰክሮ?» አለች።

«እናቱ ሞታለች» አላት ባባ።

«የእሱ እናት ሞታ የእኔ ልጅ ትሙት?»

ምን ይባላል? ልክ ነበረች። እኔ እሱን ወድጄው፣ አዝኜለት፣ ልክ እንደነበረች ግን አውቃለሁ። ያ ዛፍ ባይኖር፣ ከዛፉ ማዶ እግረኛ ቢኖር እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ጣቢያ ተጠርቼ በአስተርጓሚ ቃሌን ሰጠሁ። ሲጠጣ አይተሻል ወይ፣ አረቄውን ማን እንደሰጠው ታውቂያለሽ ወይ አሉኝ። ያየሁትን ብቻ ነገርኳቸው። እሱም ተጠይቋል። «ብቻዬን ነው የጠጣሁት» ብሎ ከዚያ ቃል ፍንክች አላለም። የሙንተዛህ ክፍል ግን በዚያው ሳምንት ተበተነ። አንዱ ሰናይያ ዘመዱ ጋ ገባ፤ ሌላው ሥራ ቀየርኩ ብሎ ጠፋ። አረቄውን ያመጣው ሰው የት እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም። ዘበኛ ጓደኛው ብቻ ቀረ።

ባባ የራሱን ክስ ተወለት። ይሄን አንድ ቀን ኩሽና ውስጥ ቆሜ በፍርሃት ስጠይቀው ነው የነገረኝ።

«እኔ ይቅር ብዬዋለሁ» አለኝ። «የእኔን ሐቅ ትቻለሁ። ጠጥቶ መንዳቱ ግን የመንግሥት ሐቅ ነው። ያን እኔ ልተው አልችልም።»

ወደ መስኮቱ እያየ፣ «ያኔ ብልከው ኖሮ» አለ። አልጨረሰውም። ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ።

በፍርዱ ቀን ጓደኛው ፈቃድ ወስዶ ችሎት ገባ። ዳኛው ሐዘኑን ሰምተዋል፤ ሕፃን መጎዳቷንም ሰምተዋል። እስር ተፈረደበት፤ ከእስሩ ሲወጣ ከአገር እንዲባረር ተጨመረበት። ጓደኛው በስልክ ሲነግረኝ ያለቅስ ነበር። «የመጨረሻ ቃል አለህ ወይ ተባለ» አለኝ። «ምን አለ መሰለሽ? ‹ክንዷ ድኗል ወይ?› አለ። አስተርጓሚው እንኳን ግራ ገባው።»

ማዳም ዕቃውን ሰብስቢ አለችኝ። ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ሸሚዞቹን አጠፍኩ፣ መላጫውን ጠቀለልኩ። አልጋው ሥር ያ ለስላሳ ጫማ በካርቶኑ እንዳለ ተቀምጧል። ካርቶኑን ይዤ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ልተወው? ልላከው? በመጨረሻ ከሸሚዞቹ መካከል አስገባሁት። ምን ያደርግለታል ብዬ ሳይሆን፣ መጣል የእኔ ድርሻ ስላልመሰለኝ ነው። ሻንጣውን ጓደኛው ወሰደለት።

ቤቱ አዲስ ሹፌር ቀጠረ፤ ጨዋ ሕንዳዊ ነው፣ ቋንቋ ግን አንግባባም። ልጅቷ ጄሶዋ ከተፈታ በኋላም መኪና ውስጥ ስትገባ እጄን ትይዛለች። ለብዙ ጊዜ «ዓሚ የት ሄደ?» ትል ነበር። እናቷ «አገሩ ሄደ» እንድላት አዝዛኝ ነበር። ያን ባልኳት ጊዜ እሱ ገና እዚያው ከተማ ውስጥ፣ እስር ቤት ነበር። አንድ ጠዋት ራሷ፣ «ሳይሰናበተኝ?» አለችኝ። ፀጉሯን ማበጠሬን ቀጠልኩ።

እስሩን ሲጨርስ ከዚያው በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ወሰዱት። ያን ያህል ለምኖ ያላገኘው የመውጫ ፈቃድ ያን ቀን የሚጠይቀው እንኳን አልነበረም። የእናቱ ተዝካር ወጥቶ አልቆ ነበር። ጎረቤቱ ግን እንደ አዲስ ተሰብስቦ ለቅሶ ተቀመጠለት። እንደዚያ ነው የእኛ አገር፤ ሐዘኑ ሳይወጣለት የቀረ ሰው በመጣ ቀን ይለቀስለታል። በኢሞ ሲደውልልኝ፣ «ጮኼ አለቀስኩ፣ እህት ዓለም» አለኝ። «ትራስ አልፈለግኩም።»

እኔ ሥራዬን ጨርሼ የተመለስኩት በ2010 ዓ.ም. ነው። ወደ ቤተሰቦቼ ስሄድ መንገዴ በደሴ በኩል ነበርና ላየው ወረድኩ። ያገኘሁት በእህቱ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ፀጉሩ ሸብቷል። እህል ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል፤ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ዱቄት ያለበት ይመስለኝ ነበር። ብዙ ተቃቀፍን። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ልጅቷ ነው።

«አድጋለች» አልኩት። «ክንዷ ደህና ነው። ብርድ ሲሆን ትንሽ ያማታል።»

ብርድ ሲሆን የሚለውን ባልነግረው ይሻል ነበር መሰለኝ። «ትጽፍበታለች ግን?» አለኝ። «ትጽፍበታለች፣ ትሥልበታለች፣ ትማታበታለች» አልኩት። ያኔ ፈገግ አለ።

ዳሱ ውስጥ ተቀምጠን ጠላ ቀጂዋ እንሥራዋን ይዛ መጣች። የእኔን ሞላችልኝ። የእሱ ጋ ስትደርስ መዳፉን ጣሳው ላይ አደረገ።

«ለእኔ ይቅር» አላት። «እነዳለሁ።»

አጠገባችን የነበሩት ሳቁ። የሚነዳው ነገር የለውም፤ መንጃ ፈቃዱን እንኳን ካሳደሰ ዓመታት አልፈዋል። ቀልዱ የለመዱት ነበር መሰለኝ። እሱ ግን አፉን በእጁ አልሸፈነም፤ አልሳቀም።

ሲመሻሽ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኝ። መንገድ ላይ ብዙ አላወራንም። ወፍጮ ቤቱን አሳየኝ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ ቆመን ተሳለምን፤ እናቱ የተቀበረችበትን ወገን በአገጩ አመለከተኝ። መኪናው ሊነሣ ሲል ሹፌሩን ጠጋ ብሎ አነጋገረው፤ የሆነ ነገር እየጠየቀ ፊቱን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ወደ መስኮቴ መጥቶ፣

«ደህና ነው። እሱ ጥሩ ሰው ነው፣ በሰላም ያደርስሻል» አለኝ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ወደ መንገዱ ዳር ፈቀቅ ብሎ ቆመ። ዞሬ እስካጣው ድረስ አየሁት።